ተቀባይ ያጣ ዜማ፤ የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ሸክላዎችና ለአሬሮ ድምፅ ሰብሳቢ የሚሰጡት ትምህርት

፩

የሕዝብን ዘፈን የሚያጠና ሰው ከቤቱ ሲነሣ አስቀድሞ የሚይዘው የድምፅ መቅረጫ ነው። ቀድሞ ብዕርና ወረቀት ይዞ ይሄድ የነበረው ሊቅ የዘፈኑን ቃል ሲጽፍ ዜማው ያመልጠው ነበር፤ ዜማውን በምልክት ሲያሰፍር ደግሞ ቃሉ ያመልጠው ነበር። መቅረጫው ሁለቱን በአንድነት ስለሚይዝ፥ ከእንግዲህ ወዲህ የሚያመልጥ ነገር የለም የሚለው አሳብ በብዙዎች ዘንድ ሥር ሰድዷል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን አሳብ መመርመር ነው።

ለምርመራው የሚቀርበው ዋና ማስረጃ ከኢትዮጵያ የሙዚቃ ሸክላዎች ሁሉ በዕድሜ የሚቀድመው የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ድምፅ ነው። ለማነጻጸሪያ የሚጠቀሱት በሰሜን አሜሪካ ደቡብ የተነሡት የጥንት የብሉዝ ጊታር መቺዎች ናቸው። ፍርዱ የሚፈተነው ግን በቀድሞው የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት በአሬሮ አውራጃና በአካባቢው ቆላ፥ በቦረና የውሃ ጉድጓዶች ዘንድ ነው፤ የድምፅ ሰብሳቢው ሥራ አስቸኳይ የሆነበት አንዱ ስፍራ ይህ ነውና። ዘመናቱ ሁሉ የተጻፉት በኤሮፓ አቈጣጠር ነው።

ወደ ነገሩ ከመግባት በፊት ሁለት ቃላትን ማስታወስ ያስፈልጋል። በአማርኛ ዘፈን የሚመራው ሰው አውጪ፥ የሚከተለው ደግሞ ተቀባይ ይባላል። ተቀባይ አድማጭ ብቻ አይደለም፤ አውጪው የጀመረውን የሚፈጽም፥ ሲደክም የሚያሳርፍ፥ ሲሳሳት የሚያርም የዘፈኑ ግማሽ አካል ነው። ከዚህ በታች የሚነሣው ጥያቄ እንግዲህ አንድ ነው፤ መቅረጫው አውጪውን ሲይዝ ተቀባዩ የት ይገባል?

፪

ነጋድራስ ተሰማ በምንጃር ተወልደው በምኒልክ ቤተ መንግሥት ዙሪያ ያደጉ ሰው ናቸው። በ1908 ወደ ጀርመን አገር የተላኩት ለዘፈን አልነበረም። አውቶሞቢል ወደ አዲስ አበባ ገብቶ ስለ ነበር፥ የሞተርን ጥበብ ተምረው እንዲመለሱ ነው የተላኩት። በዚያ ሳሉም እስከ 1910 ባለው ጊዜ ውስጥ በማሲንቆ እያዜሙ ከ15 የሚበልጡ ሸክላዎች አስቀረጹ። ለሞተር የሄደው ሰው የአገሩን የመጀመሪያ የሙዚቃ ሸክላ ይዞ መመለሱ የታሪክ አጋጣሚ ነው፤ ነገር ግን አጋጣሚው ሥራውን እንዴት እንደ ለወጠው ማስተዋል ይገባል።

ከተመለሱ በኋላ በልጅ ኢያሱ ዘመን ሞገስ አግኝተዋል፤ ልጅ ኢያሱ በ1916 ከሥልጣን ሲወርዱም ያ የሞገስ ዘመን አብሮ አልፏል። ዕድሜአቸው ረዝሞ የጣሊያንን ወረራና ከዚያም በኋላ የመጣውን ዘመን አይተው በ1960ዎቹ ዐርፈዋል። ከልጆቻቸው አንዱ በአፍሪካ የእግር ኳስ ታሪክ ስሙ የታወቀው ይድነቃቸው ተሰማ ነው። እርሱ ከ1972 ጀምሮ እስከ ዕረፍቱ እስከ 1987 ድረስ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴራሲዮን ፕሬዚዳንት ነበረ።

ሸክላዎቹ ከመቶ ዓመት በኋላ፥ በፈረንሳይ አገር በሚታተመው «ኤትዮፒክ» በተባለው ተከታታይ 27ኛ ክፍል ሆነው እንደ ገና ወጥተዋል። በርእሱ ላይ ከስማቸው በፊት የተቀመጠው ቃል «አዝማሪ» የሚለው ነው። ይህ ስያሜ ያለ ምርመራ መታለፍ የለበትም። አዝማሪ በአማርኛ የሙያ ስም ብቻ ሳይሆን የማኅበራዊ ደረጃ ስምም ነው፤ በአንድ አፍ ሲያሞግስ በሌላው ሊያዋርድ ይችላል። የነጋድራስነት ማዕርግ የደረሰ የቤተ መንግሥት ባለሟል ማሲንቆ ይዞ ሲያዜም፥ ለዕለት እንጀራው ከግብዣ ወደ ግብዣ ከሚዞረው ሙያተኛ ጋራ በአንድ ስም ከተጠራ፥ አድማጩ የሁለቱን ልዩነት ይስተዋል። አንዱ ለቸር ሰው ያዜማል፤ ሌላው ግን ራሱ የቸሮቹ ባልንጀራ ነው። ቃሉም ሽሙጡም የሚመዘነው በዚህ መሠረት ነው። አሳታሚዎቹ እነዚህን የተቧጨሩ ሸክላዎች ፈልገው በማግኘታቸውና በማጽዳታቸው ምስጋና ይገባቸዋል፤ ሆኖም ስም አወጣጥም ትርጓሜ መሆኑን መርሳት አይገባም።

፫

አሁን ወደ ሸክላው ራሱ እንመለስ። በዚያ ዘመን ማይክሮፎን አልነበረም፤ በኤሌክትሪክ መቅረጽ የተጀመረው በ1925 ነው። ዘፋኙ በትልቅ ቀንድ አፍ ፊት ለፊት ቆሞ ይጮኻል፤ የድምፁም ግፊት መርፌውን እያንቀጠቀጠ በሰም ላይ ይጽፋል። ማሲንቆ ድምፀ ልስልስ መሣሪያ ነው፤ አንድ የፈረስ ጭራ ገመድ በፈረስ ጭራ ደጋን ሲገዘገዝ የሚሰጠው ድምፅ በእልፍኝ ውስጥ ይሞላል እንጂ በቀንድ ለመግባት ኃይል የለውም። ስለዚህ በዚያ ዓይነት ቀረጻ ድምፅና መሣሪያ በግብዣ ቤት የነበራቸው ሚዛን እንዳለ ሊቀመጥ አይችልም።

ሁለተኛው ነገር ጊዜ ነው። የሸክላው አንድ ፊት የሚይዘው ከሦስት እስከ አራት ደቂቃ ያህል ነው። በግብዣ ላይ ማሲንቆ የያዘ ሰው ግን በሦስት ደቂቃ ውስጥ ገና አይጀምርም። ገመዱን ያስተካክላል፤ ቅኝቱን ይፈልጋል፤ የተቀመጡትን ሰዎች በዓይኑ ይቆጥራል፤ ማን ከማን እንደ ተጣላ፥ ማን እንደ ተሾመ፥ ማን እንደ ተሻረ ያስታውሳል። ከዚያ በኋላ ነው የመጀመሪያው ስንኝ የሚወጣው።

ሦስተኛው የድምፁ ከፍታ ነው። የጥንት ሸክላ በደቂቃ 78 ጊዜ ይዞራል ቢባልም ፍጥነቱ በየፋብሪካው ይለያይ ነበር፤ ስለዚህ ከሸክላ ተነሥቶ የዘፋኙን እውነተኛ ከፍታ መወሰን አይቻልም። ፍጥነቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ከሆነ ግን የአንዱ ድምፅ ከሌላው ያለው ርቀት አይለወጥም። ስለ ትዝታ፥ ባቲ፥ አምባሰልና አንቺሆየ ቅኝቶች ለሚያጠና ሰው ይህ ልዩነት ታላቅ ነው፤ ሸክላው ስለ ርቀቱ ምስክር ሊሆን ሲችል ስለ ከፍታው ምስክር ሊሆን አይችልም። በየመሣሪያው ገመድ የሚለካው ርቀት ራሱ ከማሲንቆ መቺ ወደ ማሲንቆ መቺ እንደሚለያይ ሲንቲያ ኪምበርሊን በ1970ዎቹ ባደረገችው ጥናት አመልክታለች፤ ስለዚህ የአንድ ሰው ሸክላ የቅኝት ሕግ ተደርጎ እንዳይወሰድ መጠንቀቅ ያሻል።

እነዚህ ሦስቱ የመሣሪያ ጉድለቶች ናቸው፤ የመሣሪያ ጉድለት በመሣሪያ ይታረማል። አራተኛው ግን በምንም መሣሪያ አይታረምም። በአገራችን የማሲንቆ ግብዣ ላይ ከአድማጮቹ አንዱ «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ይወረውራል፤ አዝማሪውም ስንኙን ተቀብሎ በዜማ ይመልሰዋል፤ አንዳንድ ጊዜም የራሱን ጨምሮ በወርዋሪው ላይ ያዞርበታል። የግጥሙ ባለቤት ማን እንደ ሆነ በዚያ ቤት ለመለየት ያስቸግራል፤ አውጪውና ተቀባዩ ቦታ ይለዋወጣሉና። የሰምና ወርቁም ጥበብ የሚኖረው በዚሁ ልውውጥ ነው። ሰሙን ሁሉም ይሰማዋል፤ ወርቁ ግን የሚገለጠው ነገሩ የሚመለከተው ሰው በዚያ ተቀምጦ ፊቱ ሲቀላ ነው። ነጋድራስ ተሰማ የአገራቸው ሰው ተሰብስቦ ባልተቀመጠበት በጀርመን አገር በቀንዱ ፊት ሲቆሙ «ተቀበል» የሚላቸው አልነበረም። በሸክላው የምንሰማው እንግዲህ የግማሽ ዘፈን ድምፅ ነው፤ ግሩም ግማሽ ቢሆንም ግማሽ ነው።

ይህ የማሽኑ ተፈጥሮ ነው የሚል ሰው ቢኖር፥ ከእርሳቸው ዐሥር ዓመት ያህል ቀደም ብሎ የሆነውን ያስታውስ። በ1898 ንግሥት ቪክቶሪያ ለዐፄ ምኒልክ መልእክት በፎኖግራፍ ሲሊንደር ላይ አሰምተው ላኩ፤ በ1899 ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ በዚያው ዓይነት ማሽን መልስ ሰጡ። የተቀረጸ ድምፅ ወደ ኢትዮጵያ ቤተ መንግሥት የገባው ጥያቄና መልስ ሆኖ ነበር ማለት ነው። ማሽኑ ተቀባይን የግድ አያስወግድም፤ የሚያስወግደው አጠቃቀሙ ነው።

፬

በአሜሪካ የሚሲሲፒና የቴክሳስ አገር የብሉዝ ጊታር መቺዎች ታሪክ ይህን ነገር በሌላ ወገን ያበራዋል። አንዳንድ ጸሓፊዎች ትዝታን «የኢትዮጵያ ብሉዝ» ማለት ለምደዋል። ንጽጽሩ ከኀዘን ስሜት በቀር ሥር የለውም። ትዝታ የዘፈን ስም ብቻ ሳይሆን የቅኝት ስምም ነው፤ ብሉዝ ግን በተለመደው መልኩ የስንኝ ቅርጽ ነው፤ አንድ ስንኝ ይባላል፥ ይደገማል፥ ሦስተኛው ስንኝ ይመልስለታል። ስለዚህ እውነተኛው ዝምድና በቅኝት ሳይሆን በሌላ ስፍራ መፈለግ አለበት፤ ይኸውም በተቀባዩ ዘንድ ነው።

በእርሻና በእስር ቤት መስክ በኅብረት የሚሠሩት ጥቁር ሠራተኞች አንዱ ያወጣ፥ ሌሎቹ ይቀበሉ ነበር፤ የመጥረቢያውም ምት የዘፈኑን መጠን ይወስን ነበር። ጆን ሎማክስ ከ1933 ጀምሮ፥ ልጁ አለን ሎማክስም ከእርሱ በኋላ እነዚህን ዘፈኖች ከእስር ቤቶች ቀርጸዋል። ብሉዝ የሚያዜመው ሰው ግን ብቻውን ነው፤ ስለዚህ የተቀባዮቹን ስፍራ ለጊታሩ ሰጠው። በዐሥራ ሁለቱ የምት ክፍል ውስጥ እያንዳንዱ ስንኝ አራት ክፍል ይመደብለታል፤ ድምፁ ግን ግማሹን ያህል ብቻ ይይዝና ቀሪውን ጊታሩ ይመልሳል። ከ1926 ጀምሮ ሸክላው የተሸጠው የቴክሳሱ ብላይንድ ሌመን ጄፈርሰን፥ ከ1929 ጀምሮ የቀረጸው የሚሲሲፒው ቻርሊ ፓተን፥ ከእነርሱም በኋላ የመጣው ሮበርት ጆንሰን የታወቁት በዚህ የድምፅና የገመድ ንግግር ነው።

ከሦስቱ ይልቅ ጆንሰን ለያዝነው ነገር ምሳሌ ይሆናል። በ1911 ተወልዶ በ1938 በ27 ዓመቱ ሞተ። በሕይወቱ የቀረጸው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ በኅዳር 1936 በሳን አንቶኒዮ፥ በሰኔ 1937 በዳላስ። የዘፈኖቹ ቍጥር 29 ነው፤ አንዳንዱን ሁለት ጊዜ ስለ ቀረጸ የሚገኙት ቅጂዎች ከ40 ይበልጣሉ። ቅጂዎቹን ጎን ለጎን አድርጎ የሚሰማ ሰው ልዩነታቸው ትንሽ መሆኑን ያገኛል። ይህም ዘፋኙ ሦስቱን ደቂቃ አስቀድሞ ለክቶ፥ ለሸክላው ብሎ ያዘጋጀው ሥራ መሆኑን ያሳያል። ሸክላው የቆየ ልማድን መዝግቦ ብቻ አላለፈም፤ አዲስ ቅርጽ ወልዷል። የሸክላው ኃላፊ የነበረው ዶን ሎው፥ ጆንሰን በሌሎች ሙዚቀኞች ፊት ሲመታ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነበር ብሏል። ከእፍረት ነው ያሉ አሉ፤ ድምፁ ከማዕዘኑ ተመልሶ እንዲጎላ ብሎ ነው ያሉም አሉ። ምክንያቱ የትኛውም ይሁን፥ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞረ ዘፋኝ የመቅረጫው ክፍል እውነተኛ ሥዕል ነው።

ጆንሰን ከሞተ በኋላ የሆነው ደግሞ ለእኛ ተግሣጽ ነው። በ1961 ዘፈኖቹ በአንድ ትልቅ ሸክላ ተሰብስበው ሲወጡ፥ በሕይወቱ ያላወቁት አድማጮች በመስቀለኛ መንገድ ነፍሱን ለሰይጣን ሸጦ ጥበብ አገኘ የሚለውን ተረት በዙሪያው አበዙ። ይህ ተረት ቀድሞ ስለ ሌላው ዘፋኝ ስለ ቶሚ ጆንሰን ይነገር የነበረ ነው። አድማጭ የሌለበት ድምፅ ሲቀር ባዶውን ስፍራ ተረት ይሞላዋል። በእኛም አገር ሕዝቡ የአዝማሪን ጥበብ ከመናፍስት ጋራ ማያያዙ የታወቀ ስለሆነ፥ ተመራማሪው ይህን ወሬ ለታሪክ ማስረጃ እንዳያውለው ይጠንቀቅ።

ይሁን እንጂ በአሜሪካው ሸክላና በተሰማ ሸክላ መካከል አንድ ታላቅ ልዩነት አለ። የብሉዙ ሸክላ ለዚያው ሕዝብ ተሸጦ ወደዚያው ሕዝብ ተመልሷል። በ1941 አለን ሎማክስ በአንድ የሚሲሲፒ እርሻ ላይ መዲ ዋተርስን ሲቀርጽ፥ ይህ ወጣት ከጎረቤቶቹ ብቻ ሳይሆን ከጆንሰን ሸክላም መማሩን ነገረው። እርሱም በኋላ ወደ ቺካጎ ሄዶ ያንኑ ዜማ በኤሌክትሪክ ጊታር መለሰው። ሸክላው ዘግይቶም ቢሆን ተቀባይ አገኘ። በአዲስ አበባ ግን በ1910 ግራሞፎን ያለው ቤት የጥቂት መኳንንትና የነጋዴዎች ቤት ነበር። በ1937 በግራዚያኒ ላይ ከተደረገው የግድያ ሙከራ በኋላ የመጣው ጭፍጨፋ ደግሞ አዝማሪዎችንም ሳይምር አለፈ። ስለዚህ የነጋድራስ ተሰማ ሸክላዎች ዋጋ እጥፍ ነው፤ ከጥፋቱ በፊት የነበረውን አዘማመር ይመሰክራሉና። ጉድለታቸውም እጥፍ ነው፤ እነርሱን ሰምቶ የሚመልስ ትውልድ በጊዜው ብዙ አልነበረምና።

፭

እንግዲህ ይህ ሁሉ ለአሬሮ ምን ያደርጋል? በቦረና ቆላ የዝናቡ ወራት አልፎ ኩሬው ሲደርቅ፥ ከብቱ የሚኖረው ቱላ በተባሉት ጥልቅ ጉድጓዶች ነው። ከእነርሱ የጠለቁት 30 ሜትር ያህል ይወርዳሉ። ወንዶች ከውሃው ጀምሮ እስከ ገንዳው ድረስ አንዱ ከአንዱ በላይ ቆመው የሰው መሰላል ይሠራሉ፤ ኦኮሌ የተባለውን የቆዳ መቅጃ ሞልተው ወደ ላይ ይሰጣሉ፥ ባዶውን ወደ ታች ይቀበላሉ። ተራውን የሚያስከብረው አባ ሄሬጋ የተባለው ሹም ነው። ሥራው ሁሉ በዘፈን ይመራል፤ አንዱ ያወጣል፥ ከላይና ከታች ያሉት ይቀበላሉ፤ ከብቱም ይወደሳል። መሣሪያ የለም፤ የመሣሪያውን ሥራ የሚሠሩት የሞላውና የጎደለው ኦኮሌ ናቸው።

በዚህ ስፍራ አውጪና ተቀባይ የሚሉት ቃላት ከምሳሌነት አልፈው አካል ይሆናሉ። አንዱ የሚሰጠውን ሌላው ካልተቀበለ ዘፈኑ ብቻ ሳይሆን ውሃውም ይፈስሳል። የአሜሪካው ሠራተኛ በመጥረቢያ ምት፥ የቦረናው ሰው በኦኮሌ ቅብብል ዜማውን ይለካል፤ የማሲንቆ ግብዣው በስንኝ ውርወራ፥ ጊታር መቺው በገመዱ መልስ ያንኑ ሥርዓት በሌላ መልክ ይጠብቃል። ሸክላው ግን ከአራቱ አንዱንም ሙሉ በሙሉ አይጠብቅም።

አንድ ሰብሳቢ መቅረጫውን ይዞ ወደዚህ ቆላ ቢወርድና ድምፁ የሚያምረውን ሰው መርጦ፥ ከጉድጓዱ አውጥቶ፥ በዛፍ ጥላ ሥር አስቀምጦ «እስቲ አዚምልኝ» ቢለው የሚያገኘው ጥርት ያለ ድምፅ ነው፤ ነገር ግን በመቶ ዓመት ወደ ኋላ ተመልሶ የጀርመኑን ቀንድ ይተክላል። ኦኮሌው የለም፥ የላይኛውና የታችኛው ሰው የለም፥ ውዳሴው የሚደርሳት ላምም የለችም።

ለአማርኛ ሊቃውንት የሚነገር ሌላ ማስጠንቀቂያም አለ። በሰምና ወርቅ ያደገ አእምሮ በሰማው ግጥም ሁሉ የተሸሸገ ወርቅ ይፈልጋል። የቦረና የጉድጓድ ዘፈን በኦሮምኛ የተዘፈነ፥ ለሥራ የተዘፈነ ዘፈን ነው፤ ክብሩም የሚገኘው በስውር ትርጉም ብቻ አይደለም። የላሚቱን ቀለምና ቀንድ የሚያወድስ ስንኝ ላሚቱን ማወደሱ ይበቃዋል። የራሱን ሚዛን ይዞ የሄደ ተመራማሪ የራሱን ሚዛን ብቻ ይዞ ይመለሳል።

የሚሻለው ሥርዓት ከዚህ በላይ ከተባለው ይከተላል። አንደኛ፥ የሚቀረጸው አንድ ዘፈን ሳይሆን አንድ ሙሉ የማጠጣት ሥራ ይሁን፤ ዝምታውና ጩኸቱ፥ የከብቱ ድምፅና የውሃው መፍሰስ ሳይቈረጥ። ሁለተኛ፥ አንዱ መቅረጫ ከታች ከውሃው አጠገብ፥ ሌላው ከላይ ከገንዳው አጠገብ ይቀመጥ፤ አውጪና ተቀባይ የሚለያዩት በቦታም ጭምር ነውና። ሦስተኛ፥ ማን እንደ ቆመ፥ የማን ከብት እንደ ጠጣ፥ የቀኑ ተራ የማን እንደ ነበር ከአባ ሄሬጋው ተጠይቆ ይጻፍ። አራተኛውም ከሁሉ የሚበልጠው ነው፤ ቅጂው ለዘፋኞቹ ተመልሶ ይሰማ፥ ሲሰሙ የሚሉትም ይቀረጽ። ያን ጊዜ መቅረጫው ራሱ ተቀባይ ያገኛል።

፮

አንድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ ግማሽ ዘፈን ከጨርሶ መጥፋት ይሻላል የሚል። ተቃውሞው እውነት ነው። የነጋድራስ ተሰማ ሸክላዎች ባይኖሩ የዚያ ዘመን ማሲንቆ እንዴት ይገዘገዝ እንደ ነበር ከጆሮ የሚያውቅ አንድም ሰው ባልቀረ ነበር። ከቀንዱ ፊት ቆመው ባያዜሙ ኖሮ ይህ ጽሑፍም ባልተጻፈ ነበር። ነገር ግን እርሳቸው በ1908 ምርጫ አልነበራቸውም፤ የዛሬው ሰብሳቢ ግን አለው።

ጊዜውም ይጠብባል። ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ ዝናቡ ለተከታታይ ወራት ሲታጣ በቦረና እጅግ ብዙ ከብት አልቋል፤ ከብት በሌለበት የሰው መሰላል አይቆምም፥ የሰው መሰላል ካልቆመም ዘፈኑ አይወጣም። የውሃ መሳቢያ ሞተር በገባበት ስፍራም ወንዶቹ ከድካም ያርፋሉ፤ ዕረፍታቸው መልካም ነው፥ ማንም ባለ ልብ ሰው ለዘፈኑ ሲል ድካሙ ይቀጥል ሊል አይችልም። ሞተርን ለመማር የተላከ ሰው የአገሩን የመጀመሪያ ሸክላ እንደ ቀረጸ ሁሉ፥ ሞተሩ የሚያሳርፈውን የጉድጓድ ዘፈንም ከማረፉ በፊት በሙሉ መያዝ ይቻላል። ይህም የሚሆነው ሰብሳቢው የሚያምረውን አንድ ድምፅ መፈለጉን ትቶ፥ ከታች ሆነው የሚቀበሉትን ድምፆች መቍጠር ሲጀምር ነው።